ረጅሙ ጢጥታ

ይህ ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እውነት ነው። ስለ ዓሣና ስለ በረዶ ሳወራ ትንሽ ጨመር ማድረግ እንደምወድ በምንኖርባት በፓርማ ከተማ የማያውቅ የለም፤ አምና ከኢሪ ሐይቅ አወጣሁት ያልኩት ዓሣ መጠጥ ቤት በቀየርኩ ቁጥር አንድ ስንዝር ይረዝም ነበር። ይህንን ግን እንዳለ ነው የማቀርበው። ከዋሸሁ በሚመጣው ጥር ሐይቁ መሃል ቆሜ በረዶው ይክዳኝ። ካዝ ድራቢክ የሚባል፣ ዕድሜውን ሙሉ የክሊቭላንድን አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው፣ በአንዲት ማክሰኞ፣ በአንድ ዝይ ምክንያት ልጁን አጣ። ዝይ ያልኩት ወፉን ነው።

ማክሰኞ ያልኩትም በዘፈቀደ አይደለም፤ አዲስ ዲቪዲ ሱቅ የሚገባው ማክሰኞ ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት ካዝ በፒጃማው ላይ አሮጌ የሹፌር ጃኬቱን ደርቦ ከሚኖርበት ምድር ቤት ወደ ወጥ ቤት ሲወጣ፣ ጠረጴዛው ላይ በቅቤውና በተጠበሰው ዳቦ መካከል አንድ ወፍራም የካርቶን ሣጥን ተቀምጦ አገኘ። ሣጥኑ ላይ የሹፌር ቆብ ያጠለቀ፣ ሲጋራ የነከሰ ዝይ ተስሏል። ዝዩ እሱ ነው፤ ማለቴ ድምፁ። የእህቱ ልጅ ዴኒ ለአዋቂዎች የሚሆን አስቂኝ የካርቱን ድራማ ልሥራ ብሎ ሲነሳ ለተዋናይ የሚከፍለው አልነበረውምና፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ስድቡን እየሰማ ያደገበትን አጎቱን ብርድ ልብስ የተጋረደበት ቁም ሣጥን ውስጥ አስገብቶ ማይክ ፊቱ ደቀነለት። እንዲህ ተብሎ የተጀመረው «ጡረተኛው ዝይ» በኬብል ቴሌቪዥን ገብቶ አሁን ተማሪው ሁሉ ቲሸርቱን ይለብሰዋል። ካዝ በሚያነበው ጽሑፍ ላይ በየገጹ «እዚህ ጋ ይሳደባል» የሚል አለ። ስድቡ እንዳለ በቴሌቪዥን ስለማይተላለፍ በላዩ ጢጥ የሚል ድምፅ ይደረግበታል። «ያሻህን በል አጎቴ፣ ጢጥታው ይሸፍነዋል» ይለው ነበር ዴኒ። ካዝም ይህን ቃል በቃል ተቀበለ። ጢጥታ ማለት ለእሱ ግድግዳ ላይ እንደሚለቀለቅ ቀለም ነበር፤ ከሥሩ የነበረው ጽሑፍ አንዴ ከተቀባ በኋላ ማን ያነበዋል?

ሎሬይን ቆማ ዳቦዋን እየበላች፣ ለሥራ የምትለብሰውን ሰማያዊ ሹራብ በአንድ እጇ ትቆልፋለች። የጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ ተቀባይ ናት፤ ሰው የሚፈራበት በር ላይ ፈገግ ብሎ መቀመጥ ነው ሥራዋ።

«ዴኒ ልኮልህ ነው» አለች። «የተለጠፈውን አየኸው?»

ካዝ መነጽሩን ፍለጋ ኪሱን ዳበሰ። «ምን ይላል?»

«ጢጥታውን በሙሉ አንስተነዋል ይላል። ረጅሙ ጢጥታም አለበት።»

«ከየት ነው የሚያነሡት?»

«ከየት ማለት?»

«ጢጥ ተብሎበታል እኮ። ከሥሩ ምን ተርፎ?»

ሎሬይን ዳቦው ትን እስኪላት ሳቀች። «ከሥሩማ አንተ ነህ ያለኸው፣ አባዬ።»

ካዝ ወንበሩን ሳይስብ ተቀመጠ፣ ጎኑ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ተጋጨ። ልጁ ግን አላየችውም፤ ቦርሳዋን እየፈለገች የማታውን ፕሮግራም ታወራለች። የሥራ ጓደኛዋ ማርጂና የሐኪም ቤቱ ሰዎች በሙሉ ከሥራ በቀጥታ ይመጣሉ። በዝይ ቅርጽ ኬክ አዛለች፤ ዋጋው አርባ አምስት ዶላር ነው ሲሏት ለአንድ ዝይ ይህን ያህል ብላ ተከራክራ ቆቡን በነፃ አስጨምራለች። ቋሊማና ፒሮጊ የሚሉትን በድንች የተሞላ የፖላንድ ሊጥ እሷ ትሠራለች። ረጅሙን ጢጥታ አንድ ላይ ሆነው ይሰማሉ፣ ከሥሩ ምን እንዳለ በትክክል የገመተ ሰው ቢራ ይጋበዛል።

«ሁለት ዓመት ለመንኩህ አልነገርከኝም» አለች በሩን ከፍታ፣ ብርዱ እየገባ። «ሳህኑን ማጠቢያው ውስጥ አታስቀምጥ፣ ጠረጴዛው ላይ ተወው። እና አባዬ፣ ዛሬ ፂምህን ተላጭ።»

አሁን ከጢጥታው ሥር ያለውን ልንገራችሁ፤ እሷ ከመስማቷ በፊት እናንተ ብታውቁት ይሻላል። በአንደኛው ክፍል ዝዩ የጎረቤቱ ዳክዬ ቀብር ላይ ቆሞ ንግግር ያደርጋል፣ ጽሑፉም «እዚህ ጋ እስኪደክመው ይሳደባል» ይላል። ካዝ በእንግሊዝኛም በፖላንድኛም ያለውን ስድብ በሙሉ ቀድሞ ጨርሶት ነበር። ቁም ሣጥኑ ጨለማ ነው፣ የብርድ ልብሱ ሽታ ደግሞ ካዝ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ያልረገጠውን የቤተ ክርስቲያን የኑዛዜ ሣጥን ያስታውሰዋል። አፉን ሲከፍት በዝዩ ድምፅ የወጣው ስለ ሬይ ነበር። ሬይ የሎሬይን ባል ነበር። ካዝ ሚስቱን ቀብሮ ለአንድ ክረምት ብሎ ወደ እነሱ ምድር ቤት ወርዶ እዚያው ቀረ፤ ሬይ «አባትሽ መቼ ነው የሚወጣው?» ማለት አበዛ፣ በዚያው ተጣሉ፣ ሻንጣውን ይዞ ፍሎሪዳ ወረደ። ከዚያ በኋላ ታርቆ ልመለስ ብሎ ደጋግሞ ደውሎ ነበር። ሎሬይን ሥራ ላይ ስትሆን ስልኩን የሚያነሣው ካዝ ነው። ሌላ ሰው ይዛለች አለው። ሬይ ቆይቶ እዚያው ፍሎሪዳ፣ ታምፓ ከተማ አግብቶ ሁለት ሴት ልጆች ወለደ። ሎሬይን አንድም ቀን ደውሎ አያውቅም ብላ ነው እስከ ዛሬ የምትኖረው፤ ሌላ ሰውም አልያዘችም።

ካዝ የዚያን ቀን ከቁም ሣጥኑ ሲወጣ ቀሎት ቋሊማ በዳቦ ሁለት ጊዜ አዞ እንደበላ ያስታውሳል። ክፍሉ በቴሌቪዥን ሲታይ ጢጥታው ከመርዘሙ የተነሣ ሰዉ ቴሌቪዥኑ የተበላሸ መስሎት ጎኑን በጥፊ እየመታ ነበር። ያኔ ነው «ረጅሙ ጢጥታ» የተባለው።

ሎሬይን እንደወጣች ካዝ ሣጥኑን አገላብጦ አየው፣ ከዚያ ሳይላጭ አውቶቡስ ያዘ። ጡረተኛ ሹፌር ስለሆነ አይከፍልም። አውቶቡሱን የምትነዳው ሴት ቆቧን ነካ አድርጋ «ካዝ፣ ዛሬ እኮ ቀንህ ነው፣ ልጄ ከትምህርት ቤት ልቅር ብሎ ጠይቆኛል» አለችው። የቀለጠ በረዶ በመተላለፊያው ወለል ላይ ከጫማ ወደ ጫማ ይሄዳል። እሱ በሚነዳበት ዘመን እንዲህ ያለ ወለል ሲያይ ተሳፋሪ ላይ ይጮህ ነበር፤ ዴኒ ለዝዩ የሰጠው ንግግርም ከዚያ የተወሰደ ነው። አሁን ግን እግሩን ሰብስቦ በመስኮት ያያል።

የዴኒ ቢሮ ድሮ የዕቃ መጋዘን የነበረ ሕንፃ ላይ ነው። ግድግዳው ላይ ምንጣፍ ተለጥፏል፣ የቀዘቀዘ ፒዛ በየኮምፒውተሩ ጎን ይደርቃል፣ ሠዓሊዎቹ ጆሮአቸውን ደፍነው አንገታቸውን ቀልሰዋል። ካዝ ሲገባ ሁሉም ተነሥተው አጨበጨቡለት። ዴኒ አቅፎት ወደ ውስጠኛው ክፍል ወሰደው።

«መልሰህ ጢጥ አድርገው» አለ ካዝ ገና ሳይቀመጥ።

«ምኑን?»

«የቀብሩን።»

«አጎቴ፣ ሱቅ ገብቷል እኮ። እስከ አላስካ ገብቷል። በዚያ ላይ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው፤ ለእሱ ብለን ነው ሣጥኑን የሠራነው። እኛ ሠሪዎቹ ፊልሙን እያየን ስናወራ የቀዳነው ድምፅ አለ፣ ልትሰማው ትችላለህ፣ እዚያ ጋ ስንደርስ አምስታችንም አንድ ቃል መናገር አቅቶን ነው የምንስቀው። እንዲህ ያለ ነገር ቁጭ ብሎ የሚጽፍ ሰው የለም።»

«አንተ ነህ የጻፍከው» አለ ካዝ። «ዛሬ ማታ ቤት መጥተህ፣ እኔ ነኝ የጻፍኩለት በል። ለልጄ ለሎሪ።»

ዴኒ ሊስቅ አፉን ከፈተ፣ ግን የአጎቱን ፊት አይቶ ሳይስቅ ቀረ። ወንበሩን ወደ ኮምፒውተሩ አዞረ። ድምፁን አላስነሣውም፤ በልቡ እየሰማው እንደሆነ ግን ያስታውቃል። ዴኒን ዓሣ ማጥመድ ያስተማረው ሬይ ነበር፣ መኪና መንዳትም እንዲሁ፤ ሬይ የሄደ ሰሞን ይህ የዛሬ ጢማም ሰውዬ ብስክሌቱን ይዞ በየቀኑ ሎሬይን በር ላይ እየቆመ «ደወለ?» ይል ነበር። ማሞቂያው ይንኳኳል። አንድ ሠዓሊ ብቅ ብሎ የሆነ ነገር ሊጠይቅ ፈልጎ የሁለቱን ፊት አይቶ ተመለሰ።

«እኛ ትወና ነው የመሰለን» አለ ዴኒ በመጨረሻ።

«ታዲያ ትወና ነው በላት።»

«ማታ አልመጣም፣ አጎቴ።» አሁንም ፊቱን አላዞረም። «በዚያ በኋለኛው ደረጃ ውረድ፣ ልጆቹ በፊተኛው በር ፎቶ አብረውህ ሊነሡ እየጠበቁ ነው።»

ካዝ ከዚያ ወጥቶ ያደረገውን ለማንም ብነግር አያምነኝም፣ መሐላዬን ግን አትርሱ። አውቶቡሱ የገበያ ማዕከሉ በር ላይ ሲቆም ወረደ። ዕቃ መደብሩ ውስጥ ዝዩ ከመግቢያው ጀምሮ እንደ ጡብ ተደርድሮ፣ ሠላሳ ዘጠኝ ዶላር ከዘጠና ዘጠኝ ሳንቲም ተለጥፎበት ይጠብቀዋል። መላ አገሩን ማዳን ባይችልም ማርጂና ጓደኞቿ የሚገዙት ከዚህ ሱቅ መሆኑን ያውቃል። በሁለት ክንዱ የቻለውን ያህል እያቀፈ፣ የሆድ ማቅጠኛ ስፖርት ከሚያሳዩት ፊልሞች ጀርባ ይደብቅ ጀመር። መደርደሪያው እየጎደለ፣ ልቡም ቀለል እያለው ሳለ አንዲት ደረቷ ላይ ስሟ የተለጠፈ ሻጭ ከኋላው ቆመች።

«ጌታዬ፣ ምን እየፈለጉ ነው?»

«ምንም። እያስተካከልኩ ነው።»

«እዚህ እኮ የስፖርት ነው።»

«ዝይ ስፖርት አይሠራም ያለው ማነው?» አለ ካዝ፣ ተናዶ ሲናገር ሁሌ በሚወጣው ድምፅ።

ሴትየዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ድምፅዎ» አለች። «አይ፣ አይሆንም። እርስዎ ነዎት?»

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ከእጁ ወጣ። ሱሪው ቀለም የነካው አንድ ሰውዬ መጣ፣ ከኋላው ሁለት ሴቶች ጋሪ እየገፉ መጡ፣ ከዚያ የቴሌቪዥን መሸጫው ክፍል በሙሉ ተገልብጦ መጣ። «ከጢጥታው ሥር ምንድን ነው ያለው? ለእኛ ብቻ ይንገሩን» አሉት። ካዝ ጭንቅላቱን ይዞ «ምንም የለበትም፣ አትግዙት፣ በገንዘባችሁ ድንች ግዙ፣ ወደየቤታችሁ ሂዱ» አላቸው። ሰዎቹ ተያይዘው ሳቁ። ዝዩ የሚናገረው ልክ እንዲሁ ነዋ። ባባሰ ቁጥር ሳቁ፣ በሳቁ ቁጥር ወደ ጋሪያቸው ጣሉ፤ ከስፖርቱ ጀርባ የደበቀውንም ቀለም የነካው ሰውዬ በጉልበቱ ተንበርክኮ እያወጣ ለሰዉ አከፋፈለው። «ያቺን "በኋላ በር ውረዱ" የምትለዋን የአውቶቡስ አባባልዎን ይበሉልን» አሉት። ልውጣ ቢል መንገድ የለም፤ አለላቸው። ሱቁ ውስጥ አንድ ሣጥን ሳይቀር ተሸጠ፣ ሻጯም አንድ ቀዝቃዛ ሎሚናት በነፃ ሰጠችው።

ቤት ሲደርስ የራሱን ሣጥን ከፍቶ የቀብሩ ክፍል ያለበትን ዲስክ አወጣና በቤት ቁልፉ ፊትና ጀርባውን ፋቀው፤ እስኪያብረቀርቅ ሳይሆን እስኪደበዝዝ። ከዚያ ፂሙን ተላጨ። ሎሬይን ጠዋት ተላጭ ስላለችው ነው እንጂ ምን እያደረገ እንደሆነ አላወቀም። ምድር ቤቱ ውስጥ አልጋው፣ ትንሿ ምድጃው፣ የሚስቱ ፎቶና ከጣሪያ በታች ጎረቤት ሲያልፍ ቁርጭምጭሚቱ ብቻ የሚታይባት ጠባብ መስኮት አሉ። ያን ሁሉ የዋሸው ለዚህ ክፍል ሲል ነው። እዚህ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አንድ ነገር ቆረጠ፤ እንግዶቹ ሳይመጡ ይነግራታል። ከአፉ ትስማው፤ ከዝይ አፍ አትስማ።

ሎሬይን ኬኩን እንደ ሕፃን በሁለት እጇ አቅፋ ገባች። አፍንጫዋ በብርድ ቀልቷል። ክዳኑን ገልጣ አሳየችው፤ ዝዩ ቢጫ ነው፣ ቆቡ ትንሽ አዘንብሏል።

«ሎሪ፣ ትንሽ ቁጭ በይ» አለ።

«ድንቹን ጥጄ ልምጣ።»

«ተቀመጪ አልኩሽ። ስለዚያ ስለ ጢጥታው ነው። ያኔ እኔ ያልኩት...»

ሎሬይን ፈጥና መጥታ ክሬም የነካውን መዳፏን አፉ ላይ አደረገችው። እንደ ልጅ እየሳቀች ነበር፤ እንዲህ ስትስቅ ካያት ብዙ ዓመት ሆኖታል። «አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ። ሁለት ዓመት ጠብቄ፣ ሊሰማ ሲል ልታበላሽብኝ ነው?» አለች። እጇ ሲነሣ ከንፈሩ ላይ ጣፋጭ ቀረ። ድጋሚ ልጀምር ብሎ ነበር፤ የበሩ ደወል ጮኸ።

እንግዶቹ ስድስት ነበሩ፣ ሁሉም ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ያወጡት ያንኑ ሣጥን ነው። ማርጂ ምሳ ሰዓት ላይ ለሁሉም እሷ ገዝታላቸዋለች፣ ካዝ እንዲፈርምባቸው። ካዝ ሣጥኖቹ ሶፋው ጎን ሲደረደሩ እያየ በልቡ ሲያስብ የነበረው ስለ ቁልፉ ነበር፤ ስንቱን ፍቆ ይዘልቀዋል? የቤቱን ዲስክ ማጫወቻው ውስጥ አስገቡት፣ ተንተባተበ፣ ቆመ፣ ሎሬይን አፈረች። «እዚህ አገር ጤነኛ ዕቃ መሥራት ቀርቷል» አለች ማርጂ፣ የራሷን ከፍታ ከተተች።

ቋሊማው ከኮመጠጠ ጎመን ጋር ዞረ፣ ቢራው ተከፈተ። ሁሉም ግምቱን ተናገረ፤ አንዱ ስለ ከንቲባው ነው አለ፣ ማርጂ ስለ ጥርስ ሐኪም ነው አለች። ካዝ በሩ አጠገብ ያለ ወንበር ላይ ሳህኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። የቀብሩ ቦታ ሲደርስ አሳለ። ደግሞ አሳለ። ማርጂ «ሽሽ፣ ሚስተር ድራቢክ፣ እርስዎ ያውቁታል፣ እኛ እንስማው» ብላ ሪሞቱን ይዛ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

ዝዩ የዳክዬው የሬሳ ሣጥን ላይ ቆሞ፣ ክንፉን እያራገበ፣ በዚያ በተሰነጠቀ ድምፅ ጮኸ። «ደወለ አልኳችሁ። ምድር ቤቱ ውኃ የሞላ ዕለት ደወለ። ልመለስ ነው በላት አለኝ። ሌላ ሰው ይዛለች አልኩት። ደግሞ ደወለ። ደግሞ አልኩት። ምን ልበለው? እሱ ከመጣ እኔ የት ልሂድ? እሷ ላይኛው ቤት ስልኩን ታቅፋ ታለቅሳለች፣ እኔ ታች ሾርባዬን እጠጣለሁ። ጥሩ ሾርባ ነበር።»

ሾርባው ላይ ሲደርስ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንደኛው ሰው ቢራው ካፍንጫው ወጣ። ከንቲባ ያለውና ጥርስ ሐኪም ያለችው ሁለቱም ተሸንፈናል ተባባሉ። ሎሬይን ቢላዋውን ይዛ ኬኩ ላይ እንዳጎነበሰች ነበረች። ያ ምድር ቤት ውኃ የሞላው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እሷ ናት በባልዲ ያወጣችው፣ ከሥራ ተመልሳ፣ ማታውን ሙሉ።

«ማርጂ፣ ትንሽ መልሺው እስቲ» አለች። «የመጀመሪያውን አልሰማሁትም።»

ማርጂ መለሰችው። ዝዩ እንደገና ጮኸ፣ ሰዉ ከበፊቱ ይልቅ ሳቀ፣ አሁን ሾርባውን አብረውት እያሉ። ሎሬይን ቀና ብላ አባቷን አየችው። ካዝ እንደሚለው ተቆጥታ ቢሆን ይሻለው ነበር፤ ያየችው ግን ሐኪም ቤቱ በር ላይ ሰው ስሙን ተናግሮ በዝርዝሩ ውስጥ ሲታጣ እንደምታየው ነበር። ከዚያ ኬኩን ቆረሰች፣ ለእያንዳንዱ በእኩል። ለካዝም ሹካ አድርጋ አቀበለችው፣ ለእንግዳ እንደሚቀርብ በሁለት እጇ። እሱም በላ። ሣጥኖቹንም ፈረመላቸው። ማርጂ ስትወጣ ጉንጩን ሳመችውና «ልጅዎ ዛሬ ደስታዋን አልቻለችውም፣ ድምፅ አጣች እኮ» አለችው።

ሰዉ ሲሄድ ካዝ ወደ ምድር ቤቱ ወርዶ አልጋው ላይ ተቀመጠ። ከጣሪያው በላይ ሎሬይን ሳህን ስታጥብ፣ ውኃው ሲዘጋ፣ ወንበር ሲሳብ ይሰማል። ስልኩ ሲነሣ ሰማ፤ ቁጥር አልተነካም፤ ቆይቶ ተቀመጠ። ከዚያ የምድር ቤቱ በር ተከፈተና ደረጃውን ወርዳ እኩሌታው ላይ ቆመች፤ ከእሱ የሚታየው ጫማዋ ብቻ ነው።

«አባዬ፣ ማሞቂያው ይሠራል እታች?»

«ይሠራል።»

«እሺ» አለች፣ ተመልሳ ወጣች።

እንግዲህ እውነት ነው ብዬ ምያለሁ፣ እውነትም ነው፤ ዝዩም፣ ሱቁም፣ ኬኩም፣ ሾርባውም። የጨመርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ካዝን ስለ ማሞቂያው የጠየቅኩት እሷ ሳትሆን እኔ ነኝ። ካዝ ይህን አጫውቶኝ ሲጨርስ ሌላ የምለው ስላጣሁ ነው። ያንን በር ሎሬይን የዚያን ማክሰኞም ሆነ ከዚያ ወዲህ አልከፈተችውም፤ ምግቡን በሩ ሥር አስቀምጣለት ትሄዳለች።